የወርቅ አገር ዘበኛ

«የሥራ ዕድል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ቃል ሲያነክስ ቶሎ ይታየኛል። ሥራ እንዴት ሆኖ ነው ዕድል የሚሆነው? ዕድልማ ለሎተሪ ነው። እኛ የልደታ ሰዎች ደግሞ ዕጣን በደንብ እናውቀዋለን። ኮንዶሚኒየም የወጣለት እንዴት እንደጨፈረ፣ ያልወጣለትም ስንት ዓመት እንደጠበቀ አይተናል።

አዲስ የማዕድን ፕሮጀክት በታሰበ ቁጥር ታዲያ ቀድሞ የሚነገረን ይኸው የሥራ ዕድል ነው። ምዕራብ ወለጋ ያለውን የቱሉ ካፒ ወርቅ እንውሰድ። የማምረት ፈቃዱ የተሰጠው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡም ጸጥታውም አልመች ብሎ ዓመታት ነጎዱ። በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ የአካባቢው ልጅ፣ ትምህርቱ ካልተቋረጠበት፣ በ2017 አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሷል። እስቲ አስቡት፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት በያጅ፣ ስንት የከባድ መኪና መካኒክ፣ ስንት የላቦራቶሪ ባለሙያ ማሠልጠን ይቻል ነበር? ወርቁ ከመሬት ሥር የትም አይሄድም። የሚሄደው የልጆቹ ዕድሜ ነው።

የብሎካችን የሌሊት ጥበቃ ወርቅ ከሚወጣበት አገር የመጣ ወጣት ነው። አንድ ምሽት፣ «የወርቅ አገር ልጅ ሆነህ እዚህ ብርድ ላይ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እዚያም ብቀጠር ዘበኛ ነው የምሆነው፤ ሌላው ልምድ ይጠይቃል» አለኝ። «ልምዱን ከየት ላምጣው?»

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደል?

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ለኢትዮጵያውያን በቅጥር ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ተፈላጊውን ችሎታ ካሟሉ ነው እንጂ። የቀዬው ልጅ የሚቀረው እዚህች ላይ ነው። አዲስ አበባ የተመረቀውም ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጉጂ ከብት ሲያግድ ያደገውም ኢትዮጵያዊ ነው፤ ችሎታው ያለው ግን የመጀመሪያው ነው። በኩባንያው ብቻ መፍረድም አይቻልም። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ልጅ ያንን ተራራ የሚያህል ገልባጭ መኪና ማን ያስረክባል? ጥያቄው ሌላ ነው፤ ልጁ ዛሬ ባይችል፣ በስንት ዓመት እንዲችል ታቅዷል?

ለገደንቢን ያየ ይህን ጥያቄ አይንቅም። የሃያ ዓመቱ ፈቃድ አልቆ ሲታደስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ፈቃዱን አገደ። ዋናው እሮሮ የጤናና የብክለት ጉዳይ ነበር። የተጠቃሚነት ጥያቄም አብሮት ነበረ። ሃያ ዓመት እኮ አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ለሙያ የሚበቃበት ዕድሜ ነው። ሃያ ዓመት አጠገቡ የኖረ ማዕድን ለልጁ ሙያ ካላወረሰው፣ ጉድጓዱን ብቻ ነው የሚያወርሰው።

ይህን ለመረዳት ወርቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ልደታ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ሕንፃው ሲነሣ፣ አሸዋ የተሸከመም ነበረ፣ ኤሌክትሪክ መዘርጋት የተማረም ነበረ። ሕንፃው ሲያልቅ የሁለቱም ሥራ አለቀ። ኤሌክትሪክ የተማረው ግን ሙያውን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ፤ አሸዋ የተሸከመው የወገቡን ሕመም ይዞ ቀረ። በቁጥር ሲዘገብ ግን ሁለቱም «የሥራ ዕድል ተፈጠረላቸው» ነው የሚባሉት።

ማዕድንም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የሚፈልገው በግንባታው ጊዜ ነው፤ ምርት ሲጀመር መሣሪያው ይተካና የጉልበት ሠራተኛው ይቀነሳል። ስለዚህ የአካባቢው ሽማግሌዎች ለስብሰባ ተጠርተው የሥራው ብዛት ሲነገራቸው፣ ከማጨብጨባቸው በፊት ዝርዝር ይጠይቁ። ስንቱ ለግንባታ ነው? ስንቱ ለምርት? ለየትኛው ሙያ? ሥልጠናው የት፣ መቼ፣ በማን ወጪ ይሰጣል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ቅጂውም በቀበሌው ይቀመጥ። ቁፋሮው ከመጀመሩ ሦስት ወይም አራት ዓመት በፊት የቅርቡ የሙያ ማሠልጠኛ በሩን ካልከፈተ፣ «ቅድሚያ ለአካባቢው ነዋሪ» ማለት በሩ ላይ ቆሞ ፈታሽ መሆን ነው።