መተኛትስ ቀላል ነው

ስለ ሰው ልጅ እንቅልፍ ባለቅኔውም ፈላስፋውም ብዙ ብለዋል፤ እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንደ ድርሻችን ሰምተናል። የኮምፒዩተር እንቅልፍ ግን የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ይባላል። ዘንድሮ ነገሩ እኛንም እንደሚነካ አይተናልና አንባቢ ጥቂት ይታገሠን።

ኮምፒዩተር ተኛ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ኢንቴል፥ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ኤሲፒአይ በተባለው ደንብ የእንቅልፉ ደረጃዎች በቁጥር ተለይተዋል። ኤስ3 በሚባለው ደረጃ ራም የተባለው ጊዜያዊ መዝገብ ጥቂት ኤሌክትሪክ እየተመገበ ሲቆይ አብዛኛው አካል ጸጥ ይላል፤ በኤስ4 ደግሞ የራሙ ይዞታ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል።

ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር የሚነጋገር ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም አለ። በሊኑክስ ሥርዓት የእንቅልፍ ሰዓት ሲደርስ በመጀመሪያ ተራ ፕሮግራሞች ባሉበት እንዲቆሙ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ድራይቨሮቹ በየተራ ይጠራሉ። የተጠራው ድራይቨር አዲስ ሥራ አይቀበልም፤ የጀመረውን ይጨርሳል ወይም ያቆማል፤ በመሣሪያው ሬጂስተሮች ላይ ያለውን መዝግቦ መሣሪያውን ያስተኛል። ተራውም ከልጅ ወደ ወላጅ ነው፤ በዩኤስቢ የተሰካው ሳይተኛ ዩኤስቢውን የሚያስተዳድረው አይተኛም። ሲነቁ ግን ወላጅ ይቀድማል። አንዱ ድራይቨር ‹‹አልቻልሁም›› ካለ እንቅልፉ ይሰረዛል፤ አስቀድመው የተኙትም ይቀሰቀሳሉ። በዚህስ ከእኛ ስብሰባዎች ሳይሻል አይቀርም።

ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ሙሾ ለመቅዳት ወደ አንዲት የሸዋ መንደር ሄድን። የያዝነው ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ከቤት ወደ ቤት ስንሄድ ክዳኑን እንዘጋለን። አንዲት እናት ለሟች ባለቤታቸው ያወረዱትን ሙሾ ሲያሰሙን ሰዓቱ ይቆጥር ነበር፤ ቀዩም ምልክት በርቶ ነበር። ማታ ከፍተን ስንሰማው ከዝምታ በቀር ምንም የለበትም። በማግሥቱ ተመልሰን ብንለምናቸው፥ ‹‹ልጆቼ፥ ሙሾ እንደ ቡና ቶና የለውም›› አሉን። ጉልበታቸውን ስመን ወጣን።

ምክንያቱን ያገኘልን አንድ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ጓደኛችን ነው። የድምፁ ቺፕ በእንቅልፍ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት በሬጂስተሮቹ የያዘውን ይረሳል፤ ሲነቃም እንደ ተሠራበት ልማዱ ማይክሮፎኑን ዘግቶ ይነሣል። ራሙ ግን አልጠፋምና ድራይቨሩ ‹‹ማይክሮፎኑ ክፍት ነው›› እንዳለ ነው። በነቃ ጊዜ የመዘገበውን መልሶ በቺፑ ላይ መጻፍ ነበረበት፤ ይህን የሚያደርጉት ጥቂት መስመሮች ጎድለው ተገኙ። እንግዲህ አንዱ ያስታውሳል፥ ሌላው ረስቷል፥ ሁለቱም ደኅና ነን ይላሉ። የሊኑክስ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ነውና ጓደኛችን የጎደለውን ጨመረበት።

ከዚህ የምንረዳው ማስተኛት የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ነው፤ ያውም ቀላሉ ግማሽ። የነቃ ድራይቨር መሣሪያውን እንደ ተወው አገኘዋለሁ ብሎ ማመን አይገባውም። ሬጂስተሩ ተፍቆ፥ የተሰካው ተነቅሎ፥ ጊዜው ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሁሉን ጠይቆና አረጋግጦ ነው ‹‹ዝግጁ ነኝ›› ማለት። የነበረውን ማስታወስና አሁን ያለውን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! የጻፋችሁትን ስትፈትኑ ስክሪኑ በራ ብላችሁ ከወንበር አትነሡ። አስተኙት፤ አንቁት፤ ተናገሩበት፤ የተናገራችሁትንም መልሳችሁ አድምጡ። ከማይክሮፎኑ ፊት የሚቀመጠው ሰው ሁለተኛ የማይናገር ሊሆን ይችላልና።