የማጠፊያ ነገር

እምቢ ያለን ነገር በጉልበት ማሠራት የሚቻል የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። አልከፈት ያለው በር ሲገፉት ይከፈታል፤ አልገባ ያለው ምስማር ሲመቱት ይገባል። ነገር ግን አንባቢዎቼ ሆይ፣ በዚህ መንገድ ችግሩ ከዐይን ተሰወረ እንጂ ተወገደ ማለት አይደለም። ይህንንም ከአንዲት ትንሽ ብረት፣ ከማጠፊያ፣ መማር እንደሚቻል ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ጉደርን ብዙዎቻችሁ በወንዟና በፏፏቴዋ ታውቋት ይሆናል። እኔ ግን ጉደር ስትነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ በዚያ ሲሠራ ያየሁት አንድ አናጢ ነው። በክረምት ወቅት የአንድ እህል ማከማቻ በር አልዘጋ ስላለ ተጠርቶ መጣ። በዚያ የነበሩት ሰዎች እንጨቱ በዝናብ አብጧልና ጠርዙ ይላግ አሉት። እርሱ ግን መላጊያውን አላነሣም። በሩን ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ አወዛውዞ የሚከብድበትን ቦታ ካዳመጠ በኋላ፣ «እንጨቱን አትክሰሱት፤ ይልቅ ሲባጎ አምጡልኝ» አለ። ከላይኛው ማጠፊያ እስከ ታችኛው ሲባጎውን ወጥሮ ቢመለከት፣ መካከለኛው ማጠፊያ የስንዴ ቅንጣት ያህል ከመስመሩ ገብቶ ተገኘ። ቪቶቹን ፈትቶ፣ ከሥሩ ስስ ቆርቆሮ ደርቦ መልሶ ሲያስረው በሩ በአንድ ጣት ግፊት ተዘጋ።

የዚህ ምክንያት በጂኦሜትሪ ትምህርታችሁ ውስጥ ይገኛል። በሁለት ነጥቦች መካከል ምንጊዜም አንድ ቀጥተኛ መስመር ይሰመራል፤ ሦስተኛው ነጥብ ግን በዚያው መስመር ላይ የሚውለው በጥንቃቄ ያስቀመጡት እንደሆነ ብቻ ነው። በርም ያለ ችግር የሚዞረው የማጠፊያዎቹ ሁሉ ዘንጎች በአንድ መስመር ሲውሉ ነው።

ነገሩ በበር ላይ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። በአውሮፕላን ላይ ሲሆን ግን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። አውሮፕላን በአየር ላይ የሚመራው ከክንፎቹ በስተ ኋላና ከጭራው ላይ በማጠፊያ በተንጠለጠሉ ክፍሎች ነው። የክንፎቹ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድሉታል፤ በጭራው ላይ አግድም የሆነው ክፍል አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞረዋል።

አውሮፕላን መሥራት ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው መሐንዲስ በሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ትብብር ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በርራለች፤ በጠላት ወረራ ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በእኛም ዘመን አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስዋገን መኪና ሞተር የገጠመላትን ትንሽ አውሮፕላን በ570 ቀናት ሠርቶ፣ ከእናቱ ከኪሮስ ስም የመጀመሪያ ፊደልና ከቀኖቹ ቁጥር «ኬ-570ኤ» ብሎ ሰይሟታል። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ያደረገው የበረራ ሙከራ ባይሳካም ተስፋ አልቆረጠም።

እንግዲህ በገዛ እጁ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ማጠፊያ ከጎረቤቱ እየለካ የገጠመ እንደሆነ፣ አንዱ በጥቂቱ ወደ ላይ፣ ሌላው በጥቂቱ ወደ ታች ማለቱ አይቀርም። ዘንጉም ሁለቱን አልፎ በሦስተኛው ላይ እምቢ ይላል። በዚህ ጊዜ ሠሪው በሦስት ነገሮች ይፈተናል። አንደኛው ዘንጉን በመዶሻ መትቶ ማስገባት ነው፤ ነገር ግን በግድ የገባ ዘንግ መሪውን ያከብደዋል፤ ክንፉ በበረራ ጊዜ ወደ ላይ ሲለመጥ ደግሞ ጥብቀቱ ይብሳል። ሁለተኛው የማጠፊያውን እግር ማጣመም ነው፤ የተጣመመ ብረት ግን ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ሦስተኛው ቀዳዳውን በሞረድ ማስፋት ነው፤ ይህም ከሁሉ ይከፋል። የላላ ማጠፊያ በፍጥነት ጊዜ ክፍሉን ያርገበግበዋልና፣ መርገብገቡም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ክፍሉን ገንጥሎ ሊጥለው ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሰማይ ላይ ግን አፍሶ መልቀም የለም።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥትን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ክፍሉ ይፈታል። ቀጥሎም በሁለቱ ዳር ማጠፊያዎች ቀዳዳዎች መካከል ቀጭን ክር ይወጠራል፤ ከመስመሩ የወጣው የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ያ ብቻ ብሎኑ ይላላል፤ የአውሮፕላኑ ንድፍ የሚፈቅድ ከሆነም ስስ ቆርቆሮ ከሥሩ ተደርቦ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ቀዳዳው ራሱ በተሳሳተ ቦታ ተሰርስሮ ከሆነ ማጠፊያው ይጣልና ሌላ ይሠራል። በመጨረሻም ዘንጉ በጣት ብቻ ተገፍቶ መግባቱ፣ ክፍሉም ከዳር እስከ ዳር ሳይነቀፍ መዞሩ ይፈተናል። ሥራውን ያልሠራ ሌላ ዐዋቂ ደግሞ ይመረምረዋል፤ የራስ ዐይን ለራስ ሥራ ያደላልና።

እናንተ ዛሬ አውሮፕላን አትሠሩ ይሆናል። ነገር ግን የሒሳብ መልሳችሁ ከመጽሐፉ መልስ በጥቂቱ ሲለይባችሁ፣ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ፍቃችሁ እንድታስተካክሉ የሚገፋፋችሁ ሐሳብ ያው የመዶሻው ሐሳብ ነው። አልገባ ያለ ዘንግ ጠላት አይደለም፤ ስሕተቱ በሌላ ቦታ እንዳለ የሚናገር እውነተኛ ምስክር ነው። ስለዚህ ሥራው እምቢ ባላችሁ ጊዜ መዶሻውን አስቀምጡና ሲባጎውን ወጥሩ፤ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሳችሁ አንድ በአንድ እዩ፤ ያጋደለውንም ከሥሩ አቅኑ።