ወደ ላሊበላ በእግር ለምትሄዱ

ሰሞኑን ሦስት የሰፈሬ ልጆች «ለገና ከደብረ ታቦር ላሊበላ በእግር ልንሄድ ነውና ምን እንያዝ?» ብለው ጠየቁኝ። በስልክ ጀምሬው አላልቅ ስላለኝ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። መንገዱን ሁለት ጊዜ ሄጄዋለሁ፤ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም.። በመጀመሪያው ሳልጠይቅ ተነሥቼ ብዙ ተጎዳሁ። በሁለተኛው የሚሰማ ጆሮ ይዤ ሄድኩ።

ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠሩ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ላይ ይውላል። ይህችን አንዲት ቀን ረስተው በዓሉን መንገድ ላይ፣ ጋሸና የዋሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው! ከደብረ ታቦር ላሊበላ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ሰባት ቀን ፈጀብን። እናንተ አንድ ቀን ጨምሩበት፤ ከመካከላችሁ የአንዱ እግር መታመሙ አይቀርም፤ እሱን ጥሎ መሄድ ደግሞ የለም።

ብርዱን አትናቁት። ጋሳይንና ክምር ድንጋይን ስታልፉ ጉና በስተቀኛችሁ አብሯችሁ ይጓዛል። ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፤ ርብም ጉማራም ከእሱ ተነሥተው ነው ጣና የሚገቡት። በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ በግርጌው ያለው ሣር ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ውርጭ ነው። ነጠላ ብቻ ለብሶ የሚወጣ የከተማ ልጅ የመጀመሪያዋን ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ያነጋል። ጋቢ፣ ወፍራም ሹራብና የራስ መሸፈኛ ያዙ። መሪያችን የነበሩት አዛውንት ዳገት በወጣን ቁጥር «ላባችሁን ይዛችሁ እንዳትቀመጡ» እያሉ ቆመን እንድናርፍ ያደርጉን ነበር። ያኔ ይከፋኝ ነበር። ነፋስ መውጫ ስንደርስ ግን ምክራቸው ገባኝ፤ ከተማዋ ስሟን የምትመስል ናት።

ስለ እግር ትንሽ ላስረዝም። ለመንገዱ ብላችሁ አዲስ ጫማ አትግዙ። እኔ ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጠሩ፤ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲው ከቆዳዬ ጋር ተጣብቆ አልወጣ አለኝ። ያደርንበት ቤት እመቤት አዩኝና ምንም ሳይሉ ውሃ ጣዱ። ለብ ሲል ጨው ጨመሩበትና እግሬን ከነካልሲው ነከሩት፤ ካልሲው ሲለሰልስ ቀስ አድርገው ገፈፉት። ከዚያ የልብስ መርፌ ከምድጃው ነበልባል ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አሳለፉ። ያበጠውን ከላይ አይደለም የወጉት፤ ከሥሩ፣ ከጎን በኩል ሁለት ቦታ ነካ አድርገው ውሃውን በንጹሕ ጨርቅ ተጭነው አወጡት። «ቆዳውን እንዳትልጪው ልጄ፤ አዲሱ እስኪወጣ እሱ ነው ልብስሽ» አሉኝ። በማግስቱ አነከስኩ እንጂ ሄድኩ። በ2011 ያረጀ ስኒከር፣ ሦስት ጥንድ ካልሲና አንድ ቫዝሊን ይዤ ሄድኩ። ጠዋት ጠዋት ተረከዜንና የጣቶቼን መሐል ቫዝሊን እቀባለሁ፤ ቀትር ላይ ካልሲ እቀይራለሁ፤ ያወለቅኩትን ከሻንጣዬ ውጭ አንጠልጥዬ አደርቃለሁ። አንድም ውሃ አልቋጠረብኝም። ዕድሜያቸውን ሁሉ በኮንጎ ጫማ የሄዱ እናት ከሁላችንም ቀድመው እንደደረሱም ልንገራችሁ፤ ዋናው እግር የለመደው ጫማ ነው።

ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ስንቁ የጾም ነው፤ ደግሞም ለመንገድ ከእሱ የሚሻል የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ። በሶው በስኳርና በትንሽ ጨው ተበጥብጦ ሲጠጣ ጉልበት ይሰጣል። ብዙ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ ይሄዳል። እኔ በዚህ ላይ ቃል የለኝም፤ ግን አንዲት ጓደኛችን ዳገት ላይ በ7 ሰዓት ተዝለፍልፋ ወድቃለች፤ ስለዚህ ሳትነሡ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ። የወንዝ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታያችሁም ውሃ ማከሚያ (ውሃ አጋር) ሳትጨምሩ አትጠጡ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታችሁ፣ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጋችሁ አርፋችሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያ ያዙ። ሴቶች አንድ ላይ እንተኛ፤ ሌሊት ወደ ውጭ ስንወጣም ሁለት ሆነን።

ከነፋስ መውጫ ወዲያ ጨጨሆ ይመጣል፤ በጌምድርንና ወሎን የሚያገናኝ ጠባብ በር፣ ግራና ቀኙ ገደል። መድኃኔዓለምን ተሳልመን ቁልቁል ሳይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በኩል ወደ መቅደላ መጎተቱ ትዝ አለኝ። 7 ቶን ያህል ክብደት፤ ለመድፉ መንገድ እየጠረጉ፣ እየጎተቱ ከደብረ ታቦር መቅደላ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። የእነዚያ የጎተቱት ሰዎች እግርስ ምን ሆኖ ይሆን? ማን አጠበው? ከዚያ በኋላ ስለ ተረከዜ ለመናገር አፈርኩ።

ደብረ ዘቢጥን፣ ፍላቂትን፣ ገረገራን አልፋችሁ ጋሸና ስትደርሱ ያለቀ ይመስላችኋል። 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ብዙው ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ ጥፍር ያስነቅላል። ጥፍራችሁን አሳጥራችሁ ቁረጡ፤ የጫማችሁን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉ። ከዚያ ሜዳው ይሞቃል፤ ጉና ላይ የሙጥኝ ያላችሁትን ጋቢ ትሸከሙታላችሁ። መጨረሻ ላይ ዳገት አለ።

ላሊበላ መግቢያ ላይ የከተማው ልጆች ውሃ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የተሳላሚ እግር ያጥባሉ። ለእኔ አንድ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ደረሰኝ። አቧራውን ካጠበልኝ በኋላ ጎንበስ ብሎ እግሬን ሳመው። እዚያው አለቀስኩ። ስለ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሌላ ሰው ይጻፍ፤ በበዓሉ ጠዋት ቤተ ማርያም አጠገብ ማሜ ጋራ ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ ለማየት ግን ከሌሊቱ ቦታ ያዙ። ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሁለቱም ጉዞ አንድም ሌሊት ሜዳ ላይ አላደርንም። ሲመሽ ደጅ ቆመን «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» እንላለን፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይባላል። የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፤ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ከገብስ አውድማ ውለው ደክመው የገቡ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ድንች ይቀቀላል፣ ቆሎ ይታመሳል፣ መደቡ ይለቀቅልናል። እኛ ዐሥራ ሁለት ነበርን። ከእኛ በፊት ሌላ ዐሥራ ሁለት ትናንት አድሮ ሄዷል፤ ነገም ሌላ ይመጣል። ገንዘብ ስንሰጥ በረከቱን ትወስዱብናላችሁ ብለው አይቀበሉም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ አለፈ፤ ነፋስ መውጫም ጋሸናም ላሊበላም። እህሉ ከጎታ የወጣበት፣ ከብቱ የታረደበት ቤት ብዙ ነው። ከዚያም ወዲህ አገሩ እፎይ አላለም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በየከተማው ያሉ ዘመዶቻችሁን ደውላችሁ ጠይቁ፤ «ዘንድሮ ቅሩ» ካሏችሁ ቅሩ። ከሄዳችሁ ደግሞ ስንቃችሁን ሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማታ የእነሱን ድንች አትጠብቁ። ውሃውን እናንተ ቅዱ፤ እንጨቱን እናንተ ፍለጡ። ገንዘብ ካልተቀበሉ ሳሙና፣ ጨውና ቡና ይቀበላሉ፤ ጠዋት ስትወጡ ለእመቤቲቱ በእጇ ስጧት። ስምንት ቀን መንገድ ሰባት ሌሊት አለው። ሰባት ቤት ማለት ነው። ለሰባቱም ያዙ።