ገመና አማና ነው



ውድ አንባብያን፣ በእኛ አካባቢ፣ በሐብሩም ሆነ በወልድያ፣ ሰው ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ዝም ብሎ ዘው አይልም። በሩ ተከፍቶ ቢያገኘው እንኳ ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ «ቤቶች!» ይላል፤ ወይም ሰላምታውን ያሰማል። ከውስጥ «ግባ» ካልተባለ ወደ ፊት አይራመድም። ከገባም በኋላ በተሰጠው ቦታ ይቀመጣል እንጂ ጓዳ ድረስ አይዘልቅም። ጓዳ የገመና ቦታ ነውና። ገመና ማለት ደግሞ የግድ ነውር ማለት አይደለም። የሌማታችን መጉደል፣ የልጃችን ሕመም፣ የባልና የሚስት ጨዋታ፣ ራሳችንን ሳንሸፍን የምንቀመጥባት ሰዓት፣ ይህ ሁሉ ገመና ነው።

ይህ አደብ ከአያቶቻችን የወረስነው ብቻ ሳይሆን የዲናችንም ትእዛዝ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኑር፣ ከራሳችን ቤት በስተቀር ወደ ሌሎች ቤት ሳናስፈቅድና ነዋሪዎቹን ሰላም ሳንል እንዳንገባ፣ «ተመለሱ» ከተባልንም እንድንመለስ አዝዞናል። በዚያው ሱራ ውስጥ ደግሞ በቤታችን ያሉ ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች እንኳ በሦስት ወቅቶች ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡብን ተደንግጓል። እነዚህም ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብሳችንን በምናወልቅበት ጊዜ፣ እንዲሁም ከዒሻ ሶላት በኋላ ናቸው። አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አጮልቆ ባየ ጊዜም፣ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተምረዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እግሩ ሳይገባ ዓይኑ ከገባ፣ ሰውየው ገብቷል ማለት ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት፣ የቤታችን ደጃፍ በቦታው እንዳለ ሆኖ በእጃችን በያዝነው ስልክ በኩል ግን ዓይን ሁሉ ሳያስፈቅድ ጓዳችን ድረስ እየዘለቀ ስለመሆኑ ነው።

እኔ በመርሳ ከተማ በአንድ መድረሳ የማስተምር የአራት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ወልድያ በልብስ ስፌት ሥራ ላይ ስላለ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ስለዚህ የቤቱ ጣጣ የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው። ከሱብሒ በኋላ ሻይ ጥጄ፣ የትናንቱን እንጀራ ፈትፍቼ፣ ትንሹን አጥቤ፣ ትልቋን «ረፈደ» ብዬ ቀስቅሼ እስክወጣ ድረስ ስልኬ ብዙ ጊዜ ይጮኻል። አንዷ ወላጅ «ልጄ አሞታል፣ ዛሬ አይመጣም» ትለኛለች። ጅዳ ያለችው እህቴ በኢሞ ልጆቹን ለማየት ትደውላለች። የመድረሳችን ወላጆች የቴሌግራም ቡድን መልእክት ይጎርፋል። ከግንቦት 2013 ወዲህ ደግሞ ቴሌብር ስለመጣ ማንጎ የምትሸጠው ጎረቤቴ እንኳ ሒሳቧን የምትቀበለው በስልኳ ነው።

ስለዚህ ስልክን ለመርገም አልተነሣሁም። ጥቅሙን ያጣነው ጊዜ አስተምሮናል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ስልክም መብራትም ተቋረጠ። እህቴ በሕይወት መኖራችንን ሳታውቅ ወራት አሳለፈች። መስመሩ ተመልሶ ድምፄን የሰማች ዕለት ለረጅም ጊዜ ከልቅሶ በስተቀር ቃል አልወጣትም። ይህን ያየ ሰው ስልክ የአላህ ጸጋ መሆኑን አይክድም። ጸጋ ግን አደብ ይፈልጋል።

በልጅነቴ በገጠር ቁርአን እየቀራሁ ወደ አስኳላም እሄድ ስለነበር ለመንደሩ ሴቶች ደብዳቤ አንባቢ ነበርኩ። ልጃቸው ዐረብ አገር የሄደባቸው፣ ባላቸው ለሥራ የራቃቸው፣ ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ነበር። ሸኻችን ይህን ባዩ ጊዜ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ዓይንሽ ያንብብ፣ አፍሽ ለባለቤቷ ብቻ ይንገር፣ ልብሽ ይርሳው፤ ደብዳቤው አማና ነው» አሉኝ። በዚያ ዕድሜዬ ስለ እናቶች ብድር፣ ስለ ልጆች ኩርፊያ፣ ስለ ፍቺ ያላነበብኩት አልነበረም። አንዱም ግን ከደጃቸው አልወጣም።

ዛሬም ሥራው አልቀረልኝም። ፖስታው ስልክ ሆነ እንጂ፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶች መልእክት ላነብላቸው ይመጣሉ። አንዳንዶቹም የቴሌብር ምስጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ሊነግሩኝ ይጀምራሉ። እኔ ግን፣ «እማማ፣ ቁጥሩን ለእኔም አይንገሩኝ፤ እራስዎ ይንኩት» ብዬ ስልኩን እመልሳለሁ። አያምኑኝም ብዬ አይደለም። ዛሬ ለእኔ የነገሩኝን ነገ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለሚደውል አጭበርባሪ እንዳይነግሩት ብዬ ነው።

የሸኻችን ቃል በተለይ ትዝ የሚለኝ በሰው ገመና ላይ የሚፈጸመውን ሳይ ነው። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከጦርነቱ በኋላ በ2014 ብዙ ቤተሰብ ተቸግሮ ስለነበር የሚረዱ ሰዎች መጡ፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ከተረጂዎቹ አንዷ የተማሪዬ እናት ነበረች። የዱቄት ከረጢት ተሰጣትና፣ ከረጢቱን ከልጇ ጋር ይዛ ቀና እንድትል ተነግሯት ፎቶ ተነሣች። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ከመድረሳው ልጆች የአንዱ ታላቅ ወንድም አየው። ልጆቹም ለተማሪዬ «ዱቄቱ» የሚል ስም አወጡለት። ልጁ ሁለት ሳምንት ከቂርአት ቀረ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ብጠይቃት እናቱ፣ «ኡስታዛ፣ ዱቄቱ በአሥራ አምስት ቀን አለቀ፤ ፎቶው ግን አላለቀም» አለችኝ።

ውድ አንባቢዬ፣ ይህች እናት የሠራችው ነውር የለም። መቸገር ነውር አይደለምና። ሆኖም የተወሰደባት ነገር አለ። አላህ ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም ቢሆንም ደብቆ ለድኾች መስጠት ይበልጥ የተሻለ መሆኑን ነግሮናል። ቀኝ እጁ የሰጠችውን ግራ እጁ እስከማታውቅ ድረስ ሰደቃውን የሚደብቅ ሰው በቂያማ ቀን በአላህ ጥላ ሥር ከሚሆኑት ሰባቱ ወገኖች አንዱ እንደሆነም በሐዲስ መጥቷል። ረጂዎች የሥራቸውን ማስረጃ ለለጋሾች ማቅረብ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የከረጢቱ ፎቶ፣ የተረጂዎች ብዛት፣ በቢሮ የሚቀመጥ ፊርማ አይበቃም ወይ? የእናቲቱና የልጇ ፊት ለምን ያስፈልጋል?

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ምን አስፈራኝ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚደብቀው ኃጢአት የሌለው ሰውም ግን ቤቱን ዘግቶ ይተኛል። ደግሞም ስምን፣ መልክንና ሰፈርን አንድ ላይ አውጥቶ ለማያውቁት ሰው መስጠት ሕይወትን እስከ ማሳጣት እንደሚደርስ በራሳችን ክልል አይተናል። በመስከረም 2014 በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስምና ፎቶግራፍ ከጥላቻ ቃል ጋር በፌስቡክ ተሰራጨ፤ የሚኖሩበት ሰፈርም ተጠቆመ። ጥቅምት 24 ቀን በገዛ ደጃቸው ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ፣ ጽሑፎቹ እንዲነሡ አስቀድሞ ለኩባንያው አመልክቶ እንደነበር ገልጾ፣ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ሟቹ የእኛ ሃይማኖት ተከታይ ሆኑም አልሆኑ፣ ዘራቸው ምንም ይሁን ምን፣ የቤታቸው ደጃፍ ክቡር ነበር።

አገራችን በዚህ ረገድ ሕግ የላትም ማለት አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ግላዊ ሕይወት፣ መኖሪያ ቤቱና በደብዳቤም ሆነ በስልክ የሚያደርገው ግንኙነት እንዲከበር ደንግጓል። በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕጉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ሠርግ ቤት ውስጥ ስልኳን አውጥታ የምትቀርጸውን አክስት፣ ወይም የሕፃን ልጁን ገላ ሲታጠብ ፎቶ አንሥቶ ለወዳጆቹ የሚልከውን አባት የሚያስቆም ፖሊስ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ያለነው እኛው ነን። አንድ ፎቶ ሁለት መቶ ሰው ወዳለበት ቡድን ከገባ በሁለት መቶ ስልክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ ከስልኬ ባጠፋው ከሌላው አይጠፋም።

ትልቁ ሸክም ያለው በእናትና በአባት ላይ ነው፤ ልጅ ገመናውን ራሱ መጠበቅ አይችልምና። ባለፈው ዒድ ወንድሜ ሊጠይቀን መጥቶ የአሥራ አንድ ዓመቷን ልጄን ቁርአን ስትቀራ በስልኩ መቅረጽ ጀመረ። ልጅቱ አቋርጣ፣ «አጎቴ፣ ለማን ነው የምትልከው?» አለችው። «ለዘመድ ነዋ!» አላት። «ዘመድስ ለማን ይልከዋል?» ስትለው ሳቀና ስልኩን ኪሱ ከተተ። እርሷም ቂርአቷን ቀጠለች፤ እርሱም በጆሮው ሰማት። አልሐምዱሊላህ፣ ቂርአቷ ሳይቀረጽም ያምራል።

የአሥራ ስድስት ዓመቷ ትልቋ ልጄ ጉዳይ ግን ከበድ ይላል። ጎረቤቴ፣ «ተኝታ ሳለች ስልኳን ከፍተሽ እይ እንጂ፤ እናቷ አይደለሽም ወይ?» ትለኛለች። ፍርሃቷ ይገባኛል። የዘመኑ አደጋ እናትን እንቅልፍ ይነሣል። ሆኖም አላህ በሱረቱል ሑጁራት መሰለልን ከልክሏል። ትንሽ ልጅ በእኔ ላይ እንኳ ሳያስፈቅድ እንዳይገባ ከታዘዘ፣ እኔስ በልጄ ላይ በሌሊት መስረቄ እንዴት አደብ ይሆናል? እናት የመቆጣጠር ግዴታ አለባት፤ ቁጥጥሩ ግን በግልጽ ይሁን ብዬ አመንኩ። ስለዚህ ለልጄ በቀን ብርሃን ነገርኳት። ከዒሻ በኋላ እስከ ሱብሒ የሁላችንም ስልክ፣ የእኔና የአባቷም ጭምር፣ ሳሎን ባለው ቁም ሣጥን ላይ ያድራል። ማየት ስፈልግ «አሳዪኝ» እላለሁ እንጂ ተደብቄ አልከፍትም።

ይህ መንገድ ምን እንዳተረፈልን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ልጄ እጇ እየተንቀጠቀጠ ስልኳን ይዛ ወደ ማድ ቤት መጣች። የማታውቀው ወንድ ሌላ ፎቶዋን እንድትልክለት፣ ካልላከች ግን በእጁ ያለውን አበላሽቶ እንደሚበትነው ይዝትባታል። በእጁ ያለው ዘመዳችን ከሠርግ ላይ አንሥታ ያወጣችው ፎቶ ነበር። ልጄን አቅፌ፣ «አብሽሪ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኳት። ማስረጃውን አስቀርተን ሰውየውን ዘጋነው፤ ማታ ለአባቷ ነገርን፤ ዘመዳችንንም በትሕትና ለምነን ፎቶውን አስነሣን። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም። ልጄ በጭንቋ ሰዓት ወደ እኔ የመጣችው ስላልሰለልኳት ይመስለኛል። ሰልዬ ይዣት ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ትደብቀኝ ነበር።

እንግዲህ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የሌላ ሰው ፎቶ፣ ድምፅ ወይም ወሬ በእጃችን ሲገባ ሦስት ነገር ራሳችንን እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ባለቤቱን አስፈቅጃለሁን? ተቸግሮ እጁን የዘረጋ ሰው «እሺ» ቢልም፣ እንቢ ማለት የሚችልበት ሁኔታ ላይ ነውን?

ሁለተኛ፦ ይህ ልጅ አድጎ ሃያ ዓመት ሲሞላው ይህን ቢያይ ያመሰግነኛል ወይስ ያፍራል?

ሦስተኛ፦ ይህንኑ ነገር በደብዳቤ ተጽፎ ለባለቤቱ እንዳደርስ ቢሰጠኝ ኖሮ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው አነበው ነበርን?

የአንዱም መልስ ካላማረን እጃችንን እንሰብስብ። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ፣ አላህ በዱንያም በአኺራም እንደሚሸፍንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ነውር የሆነውን መሸፈን እንዲህ ካስመነዳ፣ ነውር ያልሆነውን የድኻ እናት ፊትና የሕፃን ልጅ ገላ መሸፈንማ እንዴት አያስመነዳ!

አላህ የቤቶቻችንን ገመና ይሸፍንልን፤ ልጆቻችንን ከክፉ ዓይን ይጠብቅልን፤ በእጃችን የገባውን አማና ለባለቤቱ የምናደርስ ያድርገን። አሚን።