በደጀ ሰላም የተዘረጋ እጅ

የጭላሎ ተራራ ብርድ እስከ ረፋድ በማይለቃት በአሰላ ከተማ፥ ዕድሜውን በማስተማር ፈጽሞ በጡረታ የተቀመጠ አንድ ሰው ነበረ። በሰንበት ቅዳሴ ለማስቀደስ ሲሄድ ዝርዝር ገንዘብ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። በደጀ ሰላሙ በስተ ግራ ሥጋ ደዌ ጣቶቹን ያሳጠረበት አንድ ነዳይ ይቀመጥ ነበርና፥ መምህሩ በዚያ ሲያልፍ በተነጠፈው ጨርቅ ላይ ሳንቲም ጣል ያደርግለታል። ጣል የሚያደርገውም ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ፥ ከሩቅ ነው። ነዳዩ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» ይላል፤ መምህሩም «አሜን» ብሎ ያልፋል። ይህ ነገር ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ ኖረ።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የገብረ ክርስቶስን ገድል በሚገባ ያውቃል፤ የንጉሥ ልጅ ሳለ መልኩ ይለወጥ ዘንድ ለምኖ፥ በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ነዳይ ወድቆ፥ አገልጋዮች ሲያንገላቱት የኖረውን የዚያን ጻድቅ ታሪክ ለተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተርኮላቸዋል። ሲተርክም ዕንባ ይቀድመው ነበር። ዳሩ ግን ለጥንት ጻድቅ ማልቀስና ከጎረቤት ድኻ ጋር መጨባበጥ ሁለት ልዩ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ዘመዱ ታማ ወደ ጋምቦ ስትወሰድ አስታማሚ ሆኖ ሄደ። ጋምቦ በምዕራብ አርሲ ደጋ ያለ፥ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስታስተዳድረው የኖረ ሆስፒታል ነው፤ መጀመሪያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ሲሆን፥ ኋላ ለማናቸውም በሽተኛ የሚያገለግል ሆነ። በዚያም አንድ ማለዳ አንዲት አስታማሚ ነርስ በርከክ ብላ የአንድ ሽማግሌ እግር በውሃ ስትዘፈዝፍ አየ። የጠጠረውን ቆዳ በድንጋይ ፈገፈገችው፥ ቅባትም ቀባችው፤ ይህን ሁሉ ስታደርግም ስለ ልጆቹና ስለ ገብሱ እርሻ ትጠይቀው ነበር። መምህሩ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት እግሩን ሲያጥቡት የኖረ ሰው ነው፤ እንደዚህ ያለ ሕፅበተ እግር ግን አላየም።

ባያት ጊዜ ጠየቃት፥ እርሷም አልሰለቸችውም። ደዌው እርግማንም የዘር ርስትም አይደለም፤ የኖርዌዩ ሐኪም ሃንሰን በ1873 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያገኘው ረቂቅ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። ይህም ተሕዋስ ጅማትን ስለሚያደነዝዝ፥ እጅ የጋለ ድስት ሲይዝ፥ እግርም ሚስማር ሲረግጥ ሕመሙ አይሰማም፤ ቍስሉ ሳይታወቅ እያመረቀዘ አካልን ያጎድላል። በ1981 የዓለም የጤና ድርጅት መድኃኒቶቹ ተጣምረው እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ ግን በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ መውሰድ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላው አያስተላልፍም። ከሰውም አብዛኛው በተፈጥሮው ደዌውን ይከላከላል። እንዲህም ሆኖ በአገራችን በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ2000 በላይ አዲስ ሕሙማን ተገኝተዋል፤ ብዙዎች አፍረው ስለሚሸሸጉ ዘግይተው ይመጣሉና።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ዐሥራ ሁለቱን ዓመት አሰበ። በደጀ ሰላም የሚቀመጠው ሰው መድኃኒቱን ከጨረሰ ብዙ ዘመን ሆኖት ይሆናል፤ የቀረበት ጠባሳው ብቻ ነበረ።

ወደ አሰላ በተመለሰ በመጀመሪያው ሰንበት፥ ከቅዳሴ ሲወጣ ጐንበስ ብሎ «ስምዎ ማን ነው?» ሲል ጠየቀው። ሰውየው በአንቱታው ደነገጠ። ስሙን በነገረው ጊዜ ደግሞ መምህሩ በተራው ተደነቀ፤ ነዳዩ ዐርብ ዐርብ በመስጊድ ደጅ የሚቀመጥ፥ ከኮፈሌ የመጣ እስላም ኖሯል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲመርቀው ይህን እንኳ አልጠየቀውም።

ከዚያም መምህሩ እጁን ዘረጋ። ሰውየው ግን የተዘረጋለትን እጅ አይቶ፥ የራሱን ወደ ጋቢው ውስጥ ሰበሰበና «ኧረ ጌታዬ፥ ሰው ያያል» አለ። መምህሩ እጁን እንደ ዘረጋ ጐንበስ ብሎ ቈየ፤ ከኋላው ሕዝቡ ከቅዳሴ ይወጣ ነበር።