ጉጉቷ በየኅዳሩ ትጮኻለች

ደብረ ሲና ላይ ቶሎ ይመሻል። ፀሐይ በጊዜ ከጣርማበር ገደል ጀርባ ትሰወርና ከተማዋ ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ ታች የይፋት ቆላ ግን ገና ብርሃን ላይ ነው። ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር በርጩማቸውን ወደ ጓሮ የሚያወጡት በዚህች ሰዓት ነው። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ይከናነቡና ይጠብቃሉ።

የሚጠብቁት ጉጉት ነው።

ጓሮው ሰፊ አይደለም። ሦስት ጽድ፣ አንድ ኮሶ፣ አጥሩን ይዞ የተደረደረ ባሕር ዛፍ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሆዱ የተቦረቦረ ያረጀ ወይራ። ወይራው ከቤቱ በፊት የነበረ ነው። በስተደቡብ በኩል፣ ወደ አንኮበር አቅጣጫ፣ የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚያ በመጣ የጽድ ዘር ነው የሚባልለት። የመምህሩ ጓሮ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለሁለት ጉጉቶች ግን በቅቷል። ፊታቸው ነጭ ነው፤ በልብ ቅርጽ የተቆረጠ ጭንብል ያጠለቁ ይመስላሉ። ከወይራው ሆድ ብቅ ሲሉ ይታያሉ እንጂ አይሰሙም። የክንፋቸው የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ አየሩን ሲቆርጥ ድምፅ አያወጣም። ከራስ በላይ ያልፋሉ፣ ጋቢ እንኳ አይነቃነቅም።

ድምፃቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ዝርያ እንደሌሎቹ ጉጉቶች «ኡ» አይልም፤ አቡጀዲ በኃይል ሲቀደድ እንደሚሰማው ነው የሚጮኸው። ጫጩቶቹ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያንኮራፋሉ። ነገሩን ያላወቀ ሰው በጨለማ ይህን ቢሰማ ቢያማትብ አይፈረድበትም።

መቼም በአገራችን ጉጉት ስሟ ክፉ ነው። ከቤት አጠገብ ከጮኸች ሰው ትጠራለች፣ ሟርተኛ ናት ይባላል። ልጅ ካያት ድንጋይ ያነሳል። የናፍቆትና የመጓጓት ስም በዚሁ በእሷ ስም ፊደላት መጻፉን ያስተዋለ ጥቂት ነው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ እንኳ ያዘነው ሰው ራሱን በፍርስራሽ ካለች ጉጉት ጋር ያመሳስላል፤ እሱ ግን ብቸኝነቷን አየባት እንጂ አልወገራትም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ሲመጣ፣ ከተማው ግማሹ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ ጉጉቷ በየሌሊቱ ትጮህ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የሚወራው ይኸው ነው፤ «ቀድማ ነግራን ነበር»። መምህሩ ለዚህ ወሬ መልሳቸው አንድ ያረጀ ደብተር ነው። ከ2009 ጀምሮ ጉጉቷ የጮኸችበትን ሌሊት ሁሉ መዝግበዋል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ወንዱና ሴቷ ሲፈላለጉ ጩኸቱ ይበረክታል። ኅዳር 2011 ጮኸች። ኅዳር 2012 ጮኸች። ኅዳር 2013ም እንዲሁ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ተኝቶ ነበር። በ2014 ግን መድፍ ሲያዳምጥ ያደረ ሰው ጉጉቷንም ሰማ።

ነገሩ የከረረው የጎረቤታቸው እናት ታመው አልጋ የያዙ ጊዜ ነው። ልጃቸው አንድ ጠዋት መጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቆሞ እጁን አጣምሮ ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ ያችን ወይራ ብንቆርጣትስ? ማገዶውን ለእርስዎ እፈልጥልዎታለሁ። እማማ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም።»

መምህሩ አልተከራከሩም። ከወይራው ሥር የወደቁትን ጥቋቁር ድብልብሎች ለቀሙ። ጉጉት አይጥን እንዳለ ትውጥና አጥንቱንና ጸጉሩን ጠቅልላ መልሳ ትተፋዋለች። ለብ ባለ ውኃ ነከሯቸው፣ የባለቤታቸውን የስፌት ወስፌ ሳያስፈቅዱ አነሱ (በኋላ የተነሳው ጠብ ሌላ ታሪክ ነው)፣ አጥንቱን በጋዜጣ ላይ ለያዩ። ከሰባት ድብልብል ሃያ ሦስት የአይጥ ራስ ቅል ወጣ።

«ጎተራህን ማን የሚጠብቅልህ ይመስልሃል?»

«ድመቷ» አለ ልጁ፤ ሁለቱም ሳቁ። ወይራው አልተቆረጠም።

ነገር ግን ያን ሰሞን አይጡ በዝቶ ስለነበር ልጁ ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዛና ጎተራው ሥር በተነ። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም። ይፈዛል፣ እየተንገዳገደ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ለጉጉት ከዚህ የቀለለ አደን የለም። በሳምንቱ ወንዱ ጉጉት አጥሩ ሥር ክንፉን ዘርግቶ ተገኘ። ያገኘው ራሱ ልጁ ነው። በሁለት እጁ ይዞት መጣ፤ በክብደቱ ማነስ ተገርሞ ነበር። «አላሰብኩትም ጋሼ» ብቻ ነው ያለው። መርዙን የሸጠለት ሰውም አልነገረውም፤ በየገበያው በትንንሽ ፌስታል የሚሸጠው መርዝ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። የጉጉቷን ሟርት የሚፈራ አገር ይህን አለመፍራቱ የሚገርም ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አልነበረም። በእስራኤል ቤት ሸአን ሸለቆ ያሉ ገበሬዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ከመርዝ ይልቅ ለዚሁ ነጭ ፊት ጉጉት የእንጨት ሳጥን በየማሳው መስቀል ጀመሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዮርዳኖስና የፍልስጤም ገበሬዎች ገቡበት። በዮርዳኖስም ጉጉት እንደኛው አገር የክፉ ወሬ ምልክት ነበረች። በብዙ ነገር የማይስማሙ ሕዝቦች ናቸው፤ ግን አይጡም ጉጉቱም የድንበር ኬላ አያውቁም፤ አንዱ ማሳ ላይ የተረጨ መርዝ ሌላው ማሳ ላይ ያለውን ጉጉት ይገድላል። እኛ ዘንድ ለዚህ የሚያስፈልገው ጣውላና ምስማር፣ እንዲሁም አንድ ሰው ዛፍ ላይ የሚወጣበት ግማሽ ቀን ነው።

ሴቷ ጉጉት ከአምስት ጫጩት ጋር ብቻዋን ቀረች። ጉጉት እንቁላሏን በአንድ ቀን አትጥልም፤ ሁለት ሦስት ቀን እያሳለፈች ነው፤ ስለዚህ ታላቁ ላባ ሲያወጣ ታናሹ ገና ሥጋ ነው። ምግብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሞተው ታናሹ ነው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎዛን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት እነዚህ ጫጩቶች እናትዮዋ ከመምጣቷ በፊት በድምፅ ይደራደራሉ፤ አብዝቶ የጮኸው አብዝቶ የራበው ነው ማለት ነውና ሌሎቹ ዝም ይሉለታል። ያ ሰው የሚፈራው ማንኮራፋት የወንድማማቾች ንግግር ነው።

መምህሩ ይህን ለአልጋ ቁራኛዋ ጎረቤታቸው አጫወቷቸው። ሰማንያውን ያለፉ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም።

«ስማ ልጄ» አሏቸው፤ «እኔን ልትወስድ ከሆነ የመጣችው ስንት ዓመት ሙሉ ምን ትጠብቃለች? እኔ ሞኝ አይደለሁም። እንቅልፍ የከለከለኝ ወገቤ ነው። ይሄ ልጅ ነው የሚፈራው።» ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ለመሆኑ የወንዱ ድምፅ ምነው ጠፋ?» ብለው ጠየቁ።

ልጁ አጠገባቸው ነበር። መልስ አልሰጠም።

ከአምስቱ ሁለቱ ተረፉ። በጥር መጨረሻ አንድ ምሽት፣ ጥላው ጓሮውን ሲሞላ፣ ከወይራው ወጥተው አጥሩ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ልጁ እናቱን ከነብርድ ልብሳቸው አቅፎ አመጣቸውና መምህሩ በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው። ጎተራው ሥር የነበረውን መርዝ በማግሥቱ ጠርጎ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሮታል። አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አጥሩ ሲያዩ ቆዩ።

«የትኛው ነው ታላቁ?» አሉ።