አንድ ጥርስ ይበቃታል

ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ቢጠና ምን ትላለች? እንጃ! እኛ ቤት ግን መልሱ የታወቀ ነበር። «ወንድም ቢኖራችሁ ይነዳት ነበር» ይለናል አባታችን። ወንድም የለንም። ሁለት እህትማማቾች ነን፤ አንዳችን በጋዜጠኝነት ተመርቃ የሥራ ማስታወቂያ ታነባለች፣ ሌላችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ብስክሌቷ ደግሞ ከጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ዝጋ ተኝታለች።

ባለፈው ክረምት ቆራሌው በኪሎ ሊገዛት መጣ። እናታችን «ውሰዳት» ልትል ስትል ቀደምናት። «አትሸጥም! እኛ እናሠራታለን!» እርስ በርስ የተያየነው ቃሉ ካመለጠን በኋላ ነው።

አባታችን ለዓመታት ተመላልሶ ያስተማረው በእሷ ነው። ፍሬሟ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ደግ ነው፣ ቢሰነጠቅ እንኳ በያጅ አያጣም። በብርጭቆ ወረቀት ስንፍቀው ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ሆኖ ተገኘ። አምስቱ ማርሾች ግን አልቆላቸዋል። መለዋወጫ ፍለጋ ከመንከራተት አንድ ጥርስ ለምን አይበቃትም? አልን።

ሶዶ ይዘናት ሄድን። መካኒኩ ተጣብቆ የቀረውን የኋላ ጥርስ ሞርሳ አስነክሶ ቸርኬውን እንደ መኪና መሪ ጠመዘዘው። በሦስተኛው ሙከራ ጓ! ብሎ ለቀቀ። በቦታው ከአሮጌ የቻይና ብስክሌት የተፈታ ባለ 18 ጥርስ ገባ። የፊቱ 42 ስለሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ወደ 5 ሜትር ትሄዳለች። ሰንሰለቱን ለመወጠርም አዲስ ዕቃ አላስፈለገም፤ የድሮ ፍሬም የኋላ ጎማ መያዣው አግድም የተከፈተ ነው፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ቡሎኑን ማጥበቅ ብቻ። ዳገት ሲመጣ? ወርዶ መግፋት! አትታዘቡን።

ማታ አባታችን ትዝታው ተነሳበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም እንደነበሯት፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ እንደነበር አወራን። እኛም እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ ለኢትዮጵያ የተወዳደረችው ሰላም አምሃ ሴት መሆኗን ነገርነው። ዝም አለ። ዝምታው የመስማማት ይሁን የቁጣ አልገባንም።

ጠዋት ብስክሌቷን ከግቢ ልናወጣ ስንል ተከትሎን መጣ። ኮርቻዋን ያዘ። አይለቅም።

«ፍሬኗ ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«የኋላውስ?»

«እሱም ይይዛል፣ አባዬ።»

ጎንበስ ብሎ ራሱ ጨምቆ አየው። ከዚያ እጁን ከኮርቻው ላይ አነሳ።

«በሉ ሂዱ፣ ገበያተኛው መንገዱን ሳይሞላው።»